ብዙ ሃርድ ዲስክ ያለው የቤት ሰርቨር በገዛ እጅ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ቤቴ፣ በዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አሥር ሃርድ ዲስክ ተሸክሞ የሚያጉረመርመውን ሰርቨር ያዩ ጎረቤቶች፣ ዘመዶችና የሠርግ ቪዲዮ ባልደረቦቼ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

የቤት ሰርቨር ማለት ምንድን ነው? ከተራ የውጭ ሃርድ ዲስክ በምን ይለያል?

ቀንና ሌሊት የሚሠራ፣ ስክሪንም ኪቦርድም የማያስፈልገው፣ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ የተያያዘ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ ያሉት ሃርድ ዲስኮች ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ ጎተራ ይታያሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ ከስልኩ፣ ከላፕቶፑ ወይም ከቴሌቪዥኑ ሆኖ ያስገባበታል፣ ያወጣበታል።

የውጭ ሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይወድቃል፣ ሲሞትም የያዘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የአጎቴን ልጅ ሠርግ የያዘው ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ሲንቀጫቀጭ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በደንብ በተሠራ ሰርቨር ውስጥ ግን አንዱ ዲስክ ቢሞት የቀሩት የእርሱን ድርሻ አስልተው ይመልሱታል።

እኔ በእርግጥ ያስፈልገኛል?

ምናልባት አያስፈልግዎትም። ያለዎት የልጆች ፎቶና የቤተሰብ ቪዲዮ ከሆነ፣ ተደምሮም ሁለት ቴራባይት የማይሞላ ከሆነ፣ ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ገዝተው አንዱን ቤትዎ፣ ሌላውን ወንድምዎ ቤት ያስቀምጡ። ይረክሳል፣ መብራት አይበላም፣ እንቅልፍም አይነሳም። ሰርቨር የሚያዋጣው ቪዲዮ ለሚቀርጽ፣ ለፎቶ አንሺ፣ ለድምፅ ስቱዲዮ፣ በየሳምንቱ የጉባኤ ቀረጻ ለሚያከማች፣ በአጭሩ ያረጀ ፋይል መሰረዝ ለማይችል ሰው ነው። የእኔ ደንበኞች ሠርጋቸው ካለፈ ከስድስት ዓመት በኋላ «ያ ቪዲዮ ጠፋብን፣ አንተ ጋ ይኖር ይሆን?» ብለው ይደውላሉ።

ስንት ቴራባይት ልግዛ? በስንት ሃርድ ዲስክ?

በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ባለ4ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ከቀረጸ አንድ ሠርግ 810 ጊጋባይት ወሰደ ማለት ነው፤ መልሱንና ቅልቅሉን ሳንቆጥር። በጥር ወር ስምንት ሠርግ የያዘ ሰው ስድስት ቴራባይት ተኩል ያህል በአንድ ወር ያከማቻል። የራስዎን ሥራ በዚህ ስሌት ያስሉና የሦስት ዓመቱን ይያዙ።

ባለ4 ቴራባይት ዲስክ ኮምፒውተርዎ ላይ 3.64 ብሎ ቢታይ ነጋዴው አላታለለዎትም። አምራቹ በ1,000 እየበዛ ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በ1,024 እየበዛ ስለሚቆጥር የመጣ ልዩነት ነው። የእኔ ዋና ክምችት ስምንት ባለ8 ቴራባይት ዲስክ ሲሆን፣ የሁለቱ ቦታ ለመከላከያ ይሄዳል። የሚቀረው 48 ቴራባይት ስክሪን ላይ 43.7 ሆኖ ይታያል። ሌሎቹ ሁለት ዲስኮች በሥራ ላይ ያሉ ቪዲዮዎች የሚቀመጡባቸው ናቸው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ብዙ ትንንሽ ከመሰብሰብ ጥቂት ትልልቅ መግዛት ይሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ቤት በግማሽ ብቻ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዲስክ አንድ ተጨማሪ ገመድ፣ አንድ ተጨማሪ ሙቀትና አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር ነው።

አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃል?

ይበቃል። ፋይል ማቀበል ለፕሮሰሰር ቀላል ሥራ ነው፤ የአሥር ዓመት ኮምፒውተርም አይከብደውም። ተራው ባለ1 ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያሳልፈው፤ ይህን አንድ ዘመናዊ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ራም 8 ጊጋባይት ያስጀምራል፣ 16 ቢሆን ደስ ይላል። «ለእያንዳንዱ ቴራባይት አንድ ጊጋባይት ራም» የሚባለውን ለቤት ሰርቨር እንደ ሕግ አይውሰዱት።

ችግሩ ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት የሳታ መሰኪያው ነው፤ እንዲህ ያሉ ማዘርቦርዶች አራት ወይም ስድስት ብቻ አላቸው። ለተጨማሪው ከትልልቅ ሰርቨሮች የተነቀሉ ኤልኤስአይ 9211-8አይ ዓይነት ካርዶች አሉ፤ በሁለት መሰኪያ ስምንት ዲስክ ይይዛሉ። ሲገዙ «አይቲ ሞድ» የሚባለው ሶፍትዌር የተጫነበት መሆኑን ይጠይቁ፤ ካርዱ ዲስኮቹን በራሱ መንገድ ሳያደራጅ በቀጥታ ለሲስተሙ የሚያቀርበው በዚያ ነው። ካርዱ ለማሽን ክፍል ነፋስ የተሠራ ስለሆነ በቤት ውስጥ ይግላል፤ ትንሽ ማራገቢያ አጠገቡ ያስሩለት። በዩኤስቢ የተንጠለጠሉ አሥር ዲስኮችን ግን እርሱት፤ አንዱ ገመድ ሲነካ ሁሉም ይንጫጫሉ።

የትኛውን ዓይነት ሃርድ ዲስክ ልምረጥ?

ሱቅ ሲገቡ ቴራባይቱን ብቻ አይጠይቁ፤ አጻጻፉ ሲኤምአር (የመረጃ መስመሮቹ ሳይደራረቡ የሚጻፉበት) ነው ወይስ ኤስኤምአር ብለው ይጠይቁ። በኤስኤምአር ዲስክ ላይ የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የአንዱን ጠርዝ እየሸፈነ ይደረደራሉ። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን መሐል ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር በላዩ ያሉትን ሁሉ ማንሳት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ አንድ መስመር ለመቀየር ጎረቤቶቹም እንደገና ይጻፋሉ። አንድ ዲስክ ሞቶ በአዲስ ሲተካ ይህ ዓይነቱ ዲስክ ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ሲስተሙ ተስፋ ቆርጦበት ያስወጣዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር በሚሸጠው ቀይ መስመር ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት አንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ኤስኤምአር እንደነበረ ሳይገልጽ መቆየቱ ታውቆ ብዙ ሰው ተቆጥቷል። ስለዚህ የሳጥኑን ቀለም ትተው የሞዴል ቁጥሩን ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ለደህንነት ካሜራ የሚሸጡት ዲስኮች በአዲስ አበባ በየሱቁ ስላሉ «ይሆናሉ ወይ?» የሚል ብዙ ሰው አለ። ሲኤምአር ከሆኑ ይሆናሉ፤ የእኔ ሁለቱ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ብገዛስ?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ጀምሮ፣ ይህ ጥያቄ በእጥፍ ጨመረ። እኔም ገዝቻለሁ። ግን ላፕቶፕና የዲስክ ማገናኛ ገመድ ይዤ ካልሆነ መርካቶም ሆነ መገናኛ አልወጣም። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚጽፈው ስማርት የተባለ መዝገብ አለ፤ እርሱን የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑ። የሚያዩት ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ነው። 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን፣ 197 ማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ፈጽሞ ያልተነበቡትን ይቆጥራል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ዜሮ ካልሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ አመስግነው ይመልሱ። ተራ ቁጥር 9 የሠራበትን ሰዓት ይነግርዎታል፤ 40,000 ሰዓት ማለት ለአራት ዓመት ተኩል ሳያርፍ ሠርቷል ማለት ነው።

ሰዓቱ ወደ ዜሮ የተመለሰ ዲስክም ገበያ ላይ አለ። የመሰኪያው ወርቃማ ጥርሶች በጣም ከተፋቁ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከተላጡ፣ መዝገቡ ደግሞ «ስምንት ሰዓት ብቻ ሠርቻለሁ» ካለ፣ ጥርሱ ታይቶ የሚገዛውን በቅሎ ያስታውሱ። ከገዙ በኋላም ፋይል ሳይጭኑበት ከዳር እስከ ዳር ጽፈው ያንብቡት። ባለ8 ቴራባይት ላይ ይህ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ሬይድ ምንድን ነው? የትኛውን ልጠቀም?

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ቢሞቱ መረጃው እንዳይጠፋ የማደራጀት ዘዴ ነው። ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሐሳባቸው ውድ ከሆነ አንድ ትልቅ ዲስክ ይልቅ ርካሽ ትንንሾችን ማስተባበር ነበር። ለእኛ የተፈጠረ ሐሳብ ይመስላል።

ሁለት ዲስክ ካለዎት ሚረር ያድርጉ፤ አንዱ ላይ የተጻፈ ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ሦስት ወይም አራት ከሆኑ የአንዱን ቦታ ለፓሪቲ፣ ማለትም የጠፋውን ለማስላት ለሚያገለግል መረጃ፣ መስጠት ይቻላል። ከስድስት በላይ ከሆኑ ግን የሁለት ዲስክ ቦታ ይስጡ። አንዱ ሞቶ አዲሱ እስኪሞላ ድረስ የቀሩት በሙሉ ኃይላቸው ይነበባሉ፤ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙና እኩል ያረጁ ዲስኮች ደግሞ የሚታመሙት በተመሳሳይ ሰሞን ነው።

ሬይድ ካለኝ መጠባበቂያ ቅጂ ለምን ያስፈልገኛል?

ሬይድ የሚያድነው ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። እርስዎ በስህተት የሰረዙትን ፎልደር በሁሉም ዲስክ ላይ እኩል ይሰርዘዋል። ሌባ ሲመጣ ሳጥኑን ይዞ ይሄዳል እንጂ አንድ ዲስክ መርጦ አይወስድም። እሳት፣ መብረቅ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ሁሉም ሬይዱን ከነአካሉ ነው የሚያገኙት። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው የባለሙያዎች ደንብ ቢከብድዎት፣ የማይተካውን ብቻ መርጠው ሁለተኛ ቅጂ ያድርጉ። የወረደ ፊልም እንደገና ይወርዳል። የአያትዎ ድምፅ አይወርድም።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?

ሦስት መንገድ አለ። ትሩናስ ነፃ ነው፤ የሚሠራው በዜድኤፍኤስ ነው፤ ይህም ሰን ማይክሮሲስተምስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የለቀቀው የፋይል ሥርዓት ነው። አንሬይድ የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች ያስተናግዳል፣ ግን በገንዘብ ይገዛል፤ ከዚህ አገር ካርድ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸገር ሰው ያው እንደሚያውቁት ነው። ሦስተኛው ኦፕን ሚዲያ ቮልት ሲሆን፣ በላዩ ፓሪቲ የሚያሰላውን ስናፕሬይድንና ዲስኮቹን እንደ አንድ የሚያሳየውን መርጀርኤፍኤስን መጨመር ይቻላል።

እኔ ዜድኤፍኤስን የመረጥኩት በመብራት ምክንያት ነው። በተለመደው ሬይድ 5 (የአንድ ዲስክ ቦታ ለፓሪቲ በሚሰጥበት) ላይ መረጃው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ ሁለቱ ሳይስማሙ ይቀራሉ፤ ይህ የሚታወቀው ዲስክ የሞተ ዕለት፣ ሒሳቡ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው። ዜድኤፍኤስ ግን አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው አድራሻውን የሚቀይረው። በመሐል መብራት ቢሄድ አሮጌው እንዳለ ይገኛል። በየወሩ አንድ ጊዜ «ስክረብ» የተባለውን ፍተሻ ያስኪዱ፤ ሁሉንም አንብቦ የተበላሸውን ያርማል።

ዲስኮችዎ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ፣ ፋይሎችዎም አንዴ ተቀምጠው የማይነኩ ከሆኑ ስናፕሬይድ ይሻልዎታል። እያንዳንዱ ዲስክ ብቻውን ተነቅሎ ይነበባል፤ የፓሪቲው ዲስክ ከሁሉም ትልቁን ማከል ብቻ አለበት። ጉድለቱ ፓሪቲው በቀጠሮ ስለሚሰላ ዛሬ የገባው ፋይል እስከ ማታ ያለ መከላከያ መቆየቱ ነው።

አሥር ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ከየት ይገኛል?

ከውጭ ካልመጣ በቀር አይገኝም፤ ቢመጣም ከዲስኮቹ አንዱን ያህል ይከፈልበታል። እኔ ሰፈራችን ያለው ብረታ ብረት ቤት ሄጄ በአንግል ብረትና በላሜራ አሠራሁት። በር የሚሠራ ብየዳ ባለሙያ ይህን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፣ ልኬቱን በወረቀት ከሰጡት። ለ3.5 ኢንች ዲስክ ወርዱ 101.6፣ ቁመቱ 26.1፣ ርዝመቱ 147 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ነፋስ ይለፍበት።

ሦስት ነገር አይርሱ። መብሳትና መሞረድ ያለቀበትን ክፈፍ አጥበው ቀለም ከቀቡት በኋላ ብቻ ዲስክ ያስገቡ፤ የብረት ብናኝ በዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ቢያርፍ አጭር ዙር ይፈጥራል። ዲስኩ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ላስቲክ ያድርጉ፤ እኔ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቆርጬ ነው የተጠቀምኩት፤ ንዝረቱም ድምፁም በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ በፊት እናቴ «ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» ብላ ነበር። ሦስተኛ፣ ክፈፉን ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያድለው ክፍል) ብረት ጋር በሽቦ ያገናኙት።

መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ሰፈር ይህ ነገር እንዴት ይኖራል?

ልክ ነው የጠየቁት፤ ለዚህ ሰርቨር ካጠፋሁት እንቅልፍ ግማሹ የመብራት ነው። የሚጎዳው መጥፋቱ ብቻ አይምሰልዎት። ጠፍቶ ሲመለስ፣ ተመልሶ በደቂቃ ውስጥ እንደገና ሲሄድ፣ ወይም ከ220 ቮልት ወርዶ አምፖሉ እንደ ፋኖስ ሲደበዝዝ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። በአንድ የነሐሴ ማታ መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ፤ በሦስተኛው ፓወር ሰፕላዬ ጢሱን ለቀቀ። ዲስኮቹ የተረፉት በዕድል ነው፣ በእኔ ብልሃት አይደለም።

ስለዚህ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ፣ የማይቀር ወጪ ነው፤ ከዲስኮቹ በፊት ይገዛ እላለሁ። ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ዓይነት ይምረጡ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 650 ቪኤ ዋት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የዋቱ ልክ የዚያ 60 በመቶ ያህል ነው፣ ማለትም 390 ገደማ። ባለ አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ዩፒኤስ 100 ዋት የሚበላ ሰርቨርን ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ዓላማው ፊልም ማየት አይደለም፣ በሥርዓት ማጥፋት ነው። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝተው፣ ኤንዩቲ በተባለው ፕሮግራም በአምስተኛው ደቂቃ ራሱን እንዲያጠፋ ይዘዙት። ባትሪው እስኪደርቅ እየሠራ የሚቆይ ከሆነ በዓመት ውስጥ ባትሪ መቀየር ይጀምራሉ።

መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን የማዘርቦርድ ቅንብር እኔ አጥፍቼዋለሁ። መብራቱ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ሲረጋ ሄጄ በእጄ አበራዋለሁ። ስታቢላይዘር የሚጨምሩ ከሆነ ከዩፒኤሱ በፊት፣ ከግድግዳው ጋር ይሰኩት እንጂ ከኋላው አይሁን። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መሰካትንም ይተዉ።

ሳጥኑን ስነካው ለምን ይነዝረኛል?

ቤትዎ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ስለሌለው ነው። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው የማጣሪያ ክፍል ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋል፤ ይህ በመሬት ሽቦው እንዲወርድ ታስቦ የተሠራ ነው። ሽቦው ከሌለ ብረቱ ላይ የመስመሩ ግማሽ ቮልት ያህል ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከመንዘር አያልፍም፤ ነገር ግን ከሌላ ዕቃ ጋር የኔትወርክ ገመድ ወይም የዩኤስቢ ገመድ ሲሰኩ መሰኪያውን ሊያቃጥል ይችላል። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ አዳዲስ ቤቶች ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ተገጥሞ ሦስተኛው ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይገኛል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩና መሬት ውስጥ የመዳብ ዘንግ ያስቀብሩ። ለሰርቨሩ ብቻ አይደለም፤ ለልብስ ማጠቢያውና ለምጣዱም ነው።

ቆጣሪውን ምን ያህል ይበላል?

አንድ 3.5 ኢንች ዲስክ ያለ ሥራ ሲሽከረከር 6 ዋት ያህል ይወስዳል። አሥሩ 60፣ ማዘርቦርዱና ማራገቢያው 40 ቢሆኑ 100 ዋት፣ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ ስለሚጨምር፣ ይህ ቁጥር ብቻውን ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊያሻግርዎት ይችላል። እኔ ደንበኛ በማይመጣበት ሌሊት አጠፋዋለሁ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ዲስክ ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነትነት አለው፣ ግን ተጋንኗል። በዲስኩ ውስጥ ያለው ማንበቢያ ጭንቅላት ከሳህኑ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው አየር ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አምራቾች የከፍታ ገደብ ይጽፋሉ፤ በብዙዎቹ ሰነድ ላይ 3,048 ሜትር ነው። አብዛኛው የከተማችን ሰፈር ከዚያ በታች ስለሆነ አያሳስብም። እንጦጦ አናት ላይ ቤት ያለው ሰው ግን ሰነዱን ያንብብ፣ ወይም ሂሊየም የታሸገባቸውን ይግዛ። እነዚህ ውጭ ካለው አየር ጋር አይገናኙም፤ ከ12 ቴራባይት በላይ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

ሰው የማያስበው ሙቀቱን ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ደግነቱ የአገራችን ብርድ ያካክሰዋል። ዲስኮቹ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፉ ይከታተሉ፤ ካለፉ አንድ ማራገቢያ ይጨምሩ።

አቧራውንስ?

ግንባታ በማያልቅበት ሰፈር አቧራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጎረቤት ነው። አየር በሚገባበት በኩል ስስ ስፖንጅ ያድርጉና በየወሩ ይጠቡት። ሰርቨሩን ከወለል ግማሽ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ክረምት ላይ ውሃ የገባበት ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነው። ሲያጸዱ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዙት።

አዲሱን ዲስክ ሰካሁት፣ ግን ጭራሽ አልሽከረከር አለ። ተበላሽቶ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከውጭ ዲስክ ሳጥን ውስጥ የሚወጡና ለትልልቅ ማዕከላት የተሠሩ አንዳንድ ዲስኮች፣ የሳታ 3.3 ደንብን ተከትለው፣ በኃይል መሰኪያው ሦስተኛ ጥርስ ላይ 3.3 ቮልት ሲያገኙ «ጥፋ» ተብለው እንደታዘዙ ይቆጥሩታል። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በዚያ ጥርስ ላይ ሁልጊዜ 3.3 ቮልት ይልካል። ሙቀት የሚችለውን ቢጫ ፕላስተር ቀጭን አድርገው ቆርጠው ሦስተኛውን ጥርስ ይሸፍኑት፤ ይነሳል።

የኃይል ማከፋፈያ ገመድ ሲገዙ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የፈሰሰበትን ዓይነት አይግዙ፤ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ተጠጋግተው ቀልጠው እሳት ያስነሱበት ጊዜ አለ። ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው በጥርስ ተነክሰው የገቡበትን ይምረጡ። በአንድ ገመድ ከአራት ዲስክ በላይ አያንጠልጥሉ። አንድ ዲስክ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ በ12 ቮልቱ ላይ እስከ 2 አምፔር፣ ማለትም 24 ዋት ያህል ይስባል፤ አሥሩ ባንዴ ሲነሱ 240 ዋት ነው። በዕለት ሥራው 100 ዋት የሚበላ ማሽን ባለ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚፈልገው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ሲስተሙ አንድ ዲስክ ሞቷል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ምን ላድርግ?

ምንም አይንኩ፤ መጀመሪያ ቡና ይጠጡ። ከዚያ የስማርት መዝገቡን ይክፈቱና ተራ ቁጥር 199ን ይመልከቱ። የሚጨምረው እርሱ ብቻ ከሆነ የታመመው ገመዱ ነው፤ አጥፍተው በአዲስ ገመድ ይቀይሩ። 5 ወይም 197 እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰርቨሩን በሠሩ ቀን የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር በፕላስተር ጽፈው ፊት ለፊቱ መለጠፍ ነበረብዎት። ካልለጠፉ ዛሬ ይለጥፉ፤ ጤነኛውን ነቅሎ በሽተኛውን የተወ ሰው አውቃለሁ፣ በመስታወት አየዋለሁ።

አዲሱ ሲገባ መሙላቱ ጊዜ ይወስዳል። ባለ8 ቴራባይት በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍበት እንኳ 15 ሰዓት ይፈጃል፤ እውነታው ከዚያ ይበልጣል። በዚህ መካከል መብራት መጥፋቱ ስለማይቀር ብዙዎች ይህን ይፈራሉ። ዜድኤፍኤስ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል። መሙላቱ እስኪያልቅ አዲስ ሠርግ አይጫኑበት።

በኋላ አንድ ዲስክ መጨመር እችላለሁ?

ለረጅም ጊዜ በዜድኤፍኤስ መልሱ «አይቻልም፣ ሌላ ቡድን ይሥሩ» ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው ኦፕን ዜድኤፍኤስ 2.3 በፓሪቲ ቡድን ላይ አንድ አንድ እያሉ መጨመርን ፈቀደ። ሁለት ነገር ይወቁ፦ የቀድሞው ፋይል እንደገና እስኪጻፍ ድረስ በቀድሞው የፓሪቲ ምጣኔ ስለሚቆይ የሚጠብቁት ቦታ ወዲያው ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ የፓሪቲውም ብዛት አይጨምርም። በአንድ ፓሪቲ ጀምሮ በኋላ ሁለት አደርገዋለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት ከአሁኑ ይተዉት።

ከቤት ውጭ ሆኜ ፋይሌን ማየት እችላለሁ? ሁለተኛውን ቅጂስ በኢንተርኔት ብልከው?

ማየት ይቻላል፤ ከሩቅ ወደ ቤትዎ ኔትወርክ በተመሰጠረ መንገድ በሚያስገባው ዋየርጋርድ ወይም በእርሱ ላይ በተሠራው ቴይልስኬል ነው የሚሻለው። ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያጋራ ራውተር ላይ በር (ፖርት) መክፈት አይሠራም፤ ቴይልስኬል ይህን ያልፈዋል። ባይሆንም እንኳ የፋይል ማጋሪያውን በር ለዓለም አይክፈቱ። ፋይል ቆላፊዎቹ እንዲህ ያለ በር የሚፈልጉት በእጅ አይደለም፣ በማሽን ነው።

መላኩን ግን አስልተው ይወስኑ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 8 ቴራባይት ለመላክ 74 ቀን ያለ ዕረፍት ይፈልጋል፤ መብራቱ ካልጠፋ። እኔ ባለ8 ቴራባይቱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በሻንጣ ይዤ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት አደርሰዋለሁ። ለገናና ለፋሲካ መሄዴ ስለማይቀር በየዙሩ አንዱን ወስጄ ሌላውን እመልሳለሁ። ዲስኩ የተመሰጠረ ነው፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ እኔ ቤት ነው ያለው፣ ከእርሷ ጋር አይደለም። እህቴ የምታውቀው በቁምሳጥኗ ላይኛው መደርደሪያ፣ ከነጠላዋ ሥር፣ የማይነካ ነገር እንዳለ ብቻ ነው።